ለአግዳሚው የሚጠራ ልክ

በማፈር ከእኔ ጋር እወዳደራለሁ የሚል ካለ ይቅረብ። በሌላ በሌላው ተፎካካሪ አላጣም፤ በአጻጻፍ አንድ ሁለት ሰው ይጠጋኛል፤ በቁመና ደግሞ ወጣት ሳለሁ የሚያሰጋኝ አንድ ፖስተኛ ነበር። በእፍረት ግን ብቻዬን ነኝ። ሌላው ሰው ሲያፍር የሚግለው ፊቱ ነው፤ የእኔ ጆሮዬ፣ አንገቴ፣ ክርኔ ሳይቀር ነው የጋለው። ሐኪም ቢያየኝ ኖሮ ወባ ነው ብሎ ያስተኛኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ መጽሐፌ በተመረቀበት አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይሰማ ነበር። በመስኮት የታየው መስታወት የሚወለውል ሠራተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ሰውየው መወልወሉን ትቶ ሲስቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

መጽሐፉ ስለ እናቴ ነው። እናቴ የሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ስትሰፋ ነው ያሳደገችኝ። ይህን ብቻ ብዬ ብጽፍ ማን ያነበኛል? ስለዚህ ክፍሏን ሰፋ አደረግኋት፤ መኪናዋን ስድስት አደረስኳት፤ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ተሸክመው የሚመጡ እመቤቶችን በሯ ላይ አሰለፍኩ። አንዷን እመቤት በሠረገላ ነው ያመጣኋት። በዚህ ሁሉ ማንም አልተከፋም። ጉዱ የመጣው ምንም ሳልጨምርባት እንዳለች ከጻፍኳት አንዲት ገጽ ነው። ምንም ማለቴ፣ ከአንዲት ነገር በቀር።

እናቴ ልክ ስትወስድ ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ክፍሏ ውስጥ ከመስታወቱ ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች እሱ ላይ ተደርድረው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ የቆመችውን ከእግር እስከ ራሷ ይገመግማሉ። እናቴ ሜትሩን በሴትዮዋ ወገብ ታዞርና ለአግዳሚው እንዲሰማ ቁጥሩን ትጠራለች። የምትጠራው ቁጥር ግን ሜትሩ ላይ ያለው አይደለም። ለወፍራሟ አራት ጣት ትቀንስላታለች፤ ከስታ ለምትጨነቀዋ ደረቷ ላይ አራት ጣት ትጨምርላታለች፤ ባሏ ጥሏት ለሄደባት ደግሞ እንዳዘነችላት መጠን ነው። እኔ ጉልበቷ ስር ቁጭ ብዬ፣ ጠመኔ ይዤ፣ በጆሮዬ አንዱን እየሰማሁ በዓይኔ ሜትሩን አንብቤ ትክክለኛውን በጨርቁ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። መቀሱ የሚሄደው በእኔ ጠመኔ ነው። ከእናቴ እጅ የወጣ ቀሚስ አልዘጋም ብሎ የተመለሰበት ቀን የለም።

እንግዲህ እኔን ደራሲ ያደረገኝ ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ሰው ስለ ራሱ መስማት የሚፈልገው ትንሽ ስፌት ገባ፣ ትንሽ ወጣ ተደርጎ መሆኑን ከዚያ ጉልበት ስር ተማርኩ። ጋዜጣ ላይ ስሠራ ሕያው ሰው ሁሉ በእኔ ብዕር ሲያምር፣ ሙት ሁሉ ጻድቅ ሲሆን የነበረው በዚሁ ነው። እናቴ ግን የምታሰፋውና የምታጠብበው በአፏ ብቻ እንደነበር፣ መቀሱ ላይ ስትደርስ ዝም እንደምትል፣ እሱን ነገር ልብ አላልኩትም። እኔ በአፌም በመቀሴም አሰፋሁ።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ እናቴ ተቀምጣለች፤ ራሷ የሰፋችውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች። ከጎኗ ሸንበቆ ነበረች።

ሸንበቆ የመንገዳችን ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ባለቤት ናት። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ በሠርጓ ዕለት ወገቧን አይቶ። ከዚያ ወዲህ አራት ልጆች ወለደች፣ በሺህ የሚቆጠር ከረጢት ዱቄት አቦካች፣ ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። እሷም «ወገቤ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ያው ነው፣ ካላመናችሁ ልብስ ሰፊዋን ጠይቁ» ትላለች። እናቴ ደግሞ ለሌላው አራት ጣት ስትቀንስ ለሸንበቆ ቅነሳ የሚባል አታውቅም፤ አንዴ በሠርጓ የጠራችውን ቁጥር ነው ዕድሜ ልኳን የምትጠራላት። «ስልሳ ስምንት!» ትላለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ዓይን አላቸው፣ ያያሉ። ግን «ኧረ አንቺስ ታድለሽ! ምን ብትበዪ ነው?» ይሏታል። ሸንበቆም «ዳቦ» ትላቸዋለች። ሁሉም ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች፣ እናቴም በስፒል መሃል ፈገግ ትላለች።

እኔ ይህን ጻፍኩት። ስም አልጠራሁም፤ «አንዲት ዳቦ ጋጋሪ» ነው ያልኩት፤ በመንገዱ ላይ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ አንድ ሆና ቀረች እንጂ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ገጹ ቀዝቀዝ አለብኝና እንዲህ አልኩ፦ «ዳቦ ጋጋሪዋ ወጥታ በሩ ሲዘጋ እናቴና እኔ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ እስክንንከባለል እንስቅ ነበር።»

ይህን ሳነብ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ጭኑን መታ። አንድ ሽማግሌ ሳል ይዞት ውኃ መጣለት። እናቴ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች፤ እየሳቀች መሰለኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ለጭብጨባው እጅ ነሥቼ ቀና ስል ከእናቴ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እናቴ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች።

«እንዴት ነበር እማዬ?»

«መቼ ነው የሳቅነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በሩ ሲዘጋ። መሬት ላይ ተንከባልለን። መቼ ነው?»

«ኧረ እሱ... ማጣፈጫ ነው እማዬ። ሰው ደስ እንዲለው ያህል ነው።»

«ደስ አለው» አለችኝ። ሹፌሩ እንኳን ጨንቆት ሬዲዮኑን ከፈተ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ክፍሏ ሄድኩ። ነገሩ በአንድ ሌሊት የሚረሳ መስሎኝ ነበር። አግዳሚው ላይ የሰፈራችን ነርስና የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት ቁጭ ብለዋል። ነርሷ ተራዋ ደርሶ መስታወቱ ፊት ቆመች፤ እጇን ዘርጋ አድርጋ እየሳቀች፣

«የእውነቱን ነው የምትለኪኝ ወይስ የአግዳሚውን?» አለቻት።

«ተይ አንቺ!» አለች የሥጋ ቤቱ ሚስት፤ እየሳቀች ነው እሷም። «እኔንስ ስንት ስትቀንሺልኝ ኖረሻል? ባሌ ሚዛን አጭበርባሪ እየተባለ ሲታማ አጭበርባሪዋ ለካ እዚህ ነች!»

ክፉ ልብ የላቸውም። ሲቀልዱ ነው። እናቴ ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ሣጥን ስፒሎቹን በእፍኟ አነሣችና አንድ በአንድ ከንፈሮቿ መሃል ሰካች። አፏ በስፒል ሞላ። ከዚያ ሜትሩን አዞረች፣ አየችው፣ ጠመኔውን ራሷ አንሥታ ጻፈች። ቁጥሩን አልጠራችም። ነርሷ ቀልዷ አፏ ላይ ደርቆ ቀረ፤ እጇን እንደዘረጋች መስታወቱ ውስጥ ራሷን ስታይ ሆዷን ስባ ያዘች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሴት ሆዷን ስትስብ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እናቴ ስፒል በአፏ፣ አግዳሚው ዝም። የሰነፍ ተማሪዎች ፈተና ክፍል ይመስል ነበር። አንዷ ጨርቋን አንሥታ «ቸኩዬ ነው፣ እመለሳለሁ» ብላ መንገድ ማዶ ወደሚሰፋው ሰውዬ ሄደች። ሌላዋ ስትመጣ ባሏ እንዳይሰማ የምትለካ ይመስል በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። አሳታሚው ነው። በሩ ላይ ከተሰቀለው መጋረጃ ወዲህ ቆሜ፣

«ያቺን ገጽ በሚቀጥለው ኅትመት አውጣልኝ» አልኩት።

«የትኛዋን?»

«የልኩን። የዳቦ ጋጋሪዋን።»

«አብደሃል? ሰው መጽሐፉን የሚገዛው እሷን ሊያነብ ነው! እንዲያውም ሬዲዮ ጣቢያው በአንተ ድምፅ አንብብልን ብሏል። እሷን ብቻ።»

አሁን የምናገረው እዚህ ታሪክ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያሳፍረኝን ነው። ደስ አለኝ። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ አፏን በስፒል ሞልታ እያለች፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ደረቴ ተነፋ። «በስንት ሰዓት ነው የሚተላለፈው?» ብዬ ጠየቅሁ። የጠየቅሁት ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት የእናቴ የመኪና ፔዳል ቀጥ ሲል ነው። ሰምታለች። ቆይታ መኪናዋን ቀጠለች።

የሸንበቆ ቀሚስ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አረንጓዴ ነው፤ የመጨረሻ ልጇን በመጪው እሑድ ስለምትድር ለዚያ የታዘዘ። ተቆርጧል፤ እጅጌው በጊዜያዊ ክር ተይዟል፤ ወገቡ ላይ ተለክቶ ሊዘጋ ነው የቀረው። ሸንበቆ ለመለካት በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። በማግስቱ ሙሽራይቱ ራሷ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አልገባ አለች።

«እማዬ ጨርቁን ስጪኝ ብላለች።»

«ተቆርጧል እኮ ልጄ» አለች እናቴ። «የተቆረጠ ጨርቅ ምን ያደርግላታል?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «እንዳለ አምጪው፣ ትራስ አደርገዋለሁ ብላለች።»

እናቴ የቀሚሱን ጫፍ ያዝ አደረገች። «ገበሩ ገና ነው በያት» አለች። «ሳልጨርስ ከእጄ ጨርቅ አይወጣም በያት። እሷም ታውቃለች።»

ልጅቷ ስትሄድ እናቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። እሷ እዚያ አትቀመጥም፤ አግዳሚው የደንበኛ ነው።

«የሠርጓን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «አራቱንም ስታረግዝ ያሰፋሁላት፣ ስትወልድ ያጠበብኩላት እኔ ነኝ። እናቷ የሞተች ዕለት ጥቁሯን በአንድ ሌሊት ነው ያደረስኩት። አሁን ልጇን ስትድር ሱቅ የተሰቀለ ልብስ ልትለብስ ነው?»

«ሂጂና ንገሪያት እማዬ። አልሳቅንም በያት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ስትናደድብኝ «ጌታው» ነው የምትለኝ።

«እስቲ ጌታው፣ አንድ ሰው በርህን አንኳኩቶ አልሳቅሁብህም ቢልህ ምን ትላለህ? ስቆብኛል ነው የምትለው። እንደሱ ብዬ ልሂድ?»

መልስ ያጣሁበትን ጊዜ ሳስብ ከዚህ ሌላ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ያለሁበት ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ለራሴም የጦር አዛዥ የሚያስቀና ዘዴ አሰብኩ። በዚህ መንገድ ላይ እኔ አጋናኝ መሆኔን የማያውቅ ድመት እንኳን የለም። ታዲያ ሁሉንም ፈጥሬው ነው፣ ልኩም ሳቁም ከጭንቅላቴ የወጣ ነው ብል ማን ይጠራጠራል? ውሸታም መባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤተሰቤ ሊጠቅም ነው።

ዳቦ ቤቱ ጠዋት ሰልፍ አለው። ሸንበቆ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ትጠቀልላለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ሰልፉን አልያዝኩም። መሃል ላይ ቆሜ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣

«እትዬ! ያቺ ገጽ ፈጠራ ናት። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣኋት። ታውቂኝ የለም እንዴ!» አልኩ።

ቀና ብላ አላየችኝም። «አውቅሃለሁ። ስትዋሽ ነው ያደግከው።»

«ይኸው!» አልኩ ደስ ብሎኝ ወደ ሰልፉ እየዞርኩ። «ይኸው ራሷ መሰከረች!»

«እውነት ነው» አለ ከሰልፉ አንድ አናጢ። «ይሄ ሰውዬ አንበሳ በጥፊ መታሁ ብሎ ጽፏል እኮ።»

«ነብር ነው» አልኩ። አምልጦኝ ነው።

ሰልፉ ሳቀ። ሸንበቆ አልሳቀችም። የጠቀለለችውን ዳቦ ለባለቤቱ ሰጥታ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«መጽሐፎችህን አንድም አላመለጠኝም» አለችኝ። «አንተ ስትዋሽ ታሳምራለህ። የጓሯችንን ቦይ ወንዝ አደረግከው፣ እሺ አልን። ያንን ሽማግሌ ዘበኛ ጄኔራል አደረግከው፤ መጽሐፉን ትራሱ ስር አድርጎ ነው የሞተው። ይሄንን ግን አላሳመርከውም። ስለዚህ አልፈጠርከውም።»

ዘዴዬ እዚያው መደርደሪያው ላይ ሞተ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተጠጋኋት።

«እሺ እትዬ። ልኩ እውነት ነው። ሳቁ ነው ውሸቱ። አንድም ቀን አልሳቅንም።»

«ወገቤን የማላውቀው መሰለህ?» እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሰልፉ ግን አንገቱን አሰገገ። «ይሄን ሽርጥ በየቀኑ የማስረው እኔ ነኝ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ነው ያስቀጠልኩት፤ ያስቀጠልኩትም እናትህ ጋ ነው። እሷ ስልሳ ስምንት ስትል እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ የተቀመጡትም ያውቃሉ። እዚህ ስወጣ ስገባ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ነኝ። እዚያ ስቆም አንድ ደቂቃ ሙሽራ ነኝ። በዚያ ማንም አልተጎዳም። እናንተ ግን በሩ ሲዘጋ...» አልጨረሰችውም። «እሱን አላውቅም ነበር።»

«ውሸት ነው እትዬ! እናቴ ትሙ—»

«በእናትህ እንዳትምል!» አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «አሁን ከመግባትህ ሁሉም ፈጠራ ነው አልክ። ሁለት ዳቦ ሳልሸጥ ግማሹ ፈጠራ ሆነ። ነገ ብትመጣ ስንት ሊሆን ነው? ዳቦ ትገዛለህ ወይስ ሰው ታሳልፋለህ?»

ዳቦ ገዛሁ። እቤቴ ዳቦ ነበር። ትኩሱን ብብቴ ስር ይዤ ስወጣ ያቃጥለኝ ነበር፤ ወደ ሌላኛው እጄ ለማዛወር ግን አልደፈርኩም፤ ሰልፉ በጀርባዬ ያየኛል። እውነቱን የተናገርኩት ከውሸቱ ቀጥሎ ስለሆነ እውነቱ ምንም አልመሰለም። ሐሳቡን ወደ ቤት ስሄድ አሰብኩት፤ ማታም አሰብኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጭ ብዬ እጽፈው ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ሲደውል «አላነብም» አልኩ። ማይክሮፎን እምቢ ስል ያየኝ ሰው ቢኖር ታሞ ነው ይል ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ሸንበቆ መጣች።

አግዳሚው ሙሉ ነበር። ወሬውን የሰሙ ሁሉ ያላሰፉትን ልብስ ሊያሳጥሩ የመጡ ይመስል ተጨናንቀዋል፤ ነርሷም አለች፣ የሥጋ ቤቱ ሚስትም አለች። እኔ ጥግ ላይ ካውያ እያጋልኩ ነበር፤ በዚያ ሳምንት እናቴን ማገዝ ብዬ የያዝኳት ሥራ እሷ ናት። ሸንበቆ ገባች፣ ማንንም ሳትሰላም ቀጥ ብላ መስታወቱ ፊት ቆመች፣ ክንዶቿን ዘረጋች። እጅጌዋ ላይ ዱቄት አለ። እናቴ አረንጓዴውን ቀሚስ ከግድግዳው አውርዳ ከልብሷ በላይ አጠለቀችላት። ስፒል ለማንሣት ወደ ሣጥኑ ዞረች።

«ተይው ስፒሉን» አለቻት ሸንበቆ። «ዛሬ የሚለካኝ እሱ ነው።»

«እኔ?» አልኩ።

«አንተ። ሜትር ማንበብ ከልጅነትህ ታውቃለህ፤ ጽፈኸዋል። ና ለካኝ። ጮክ ብለህ ጥራው።»

እናቴን አየኋት። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ሰጠችኝ፤ ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ነበር።

ወገቧ ላይ አዞርኩት። ሜትሩ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ፤ ከአግዳሚው አንዲት ሴት ትንፋሿን ስትውጥ ሰማሁ። ቁጥሩን አነበብኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥር አጥሮኝ አያውቅም፤ ሃምሳን መቶ፣ መቶን ሺህ ሳደርግ ነው የኖርኩት። አሁን ስልሳ ስምንት ብል ዳግመኛ መቀለዴ ነው፤ እውነቱን ብል እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማዋረዴ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። በዓይኗ ልመናም ሆነ ይቅርታ አልነበረም፤ ትጠብቃለች።

«መቶ ሁለት» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

«አልሰማሁም።»

«መቶ ሁለት!»

ነርሷ ጣቶቿን ታያለች።

«ጎበዝ» አለች ሸንበቆ። ክንዶቿን አላወረደችም። «አሁን ሳቅ።»

«እ?»

«ሳቅ። እንደጻፍከው። ሆድህን ይዘህ፣ መሬት ላይ ተንከባልለህ። ሁልጊዜ እኔ ከወጣሁ በኋላ አይደል የምትስቁት? ዛሬ እኔ ባለሁበት ሳቅ፤ ልየው።»

ቆምኩ። ካውያው ጥግ ላይ ረስቼው የተቀመጠበትን ጨርቅ ማቃጠል ጀመረ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ አንዲትም ሴት ተነሥታ አላነሣችውም። ሜትሩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ስሜ በመጽሐፍ ጀርባ ላይ በትልቁ የሚጻፍ ሰው፣ እዚያው ቆሜ እንባዬ ጫማዬ ላይ ጠብ አለ። ይህችን አላጋነንኳትም። አንድ ጠብታ ናት።

ሸንበቆ እኔን ትታ በመስታወቱ ውስጥ እናቴን አየቻት። ተያዩ። አለመሳቃችንን አምና ይሁን ሳታምን አላውቅም። በመጨረሻ ክንዶቿን አወረደችና፣

«እጅጌው ብብቴ ላይ ይይዘኛል» አለቻት። «ፍቺው። እሑድ ገና ብዙ ሰው ማቀፍ አለብኝ።»

«አውልቂና ልየው» አለች እናቴ። ሄዳ ካውያውን አነሣች፤ ከስሩ ያለው ጨርቅ የካውያውን ቅርጽ ይዞ ጠቁሯል። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አንተ ውጣ» አለችኝ።

«እማዬ—»

«ሴቶች ሊለኩ ነው፤ ወንድ እዚህ ምን ያደርጋል? ውጣ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ወንድ ተብዬ አላውቅም ነበር። ጢሜ ከበቀለ በኋላም፣ ከተዳርኩ በኋላም፣ ሴቶቹ እኔን እንደ ጠረጴዛው እግር ነበር የሚያዩኝ፤ ማንም ለእኔ ብሎ መጋረጃ ስቦ አያውቅም። ሜትሩን አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። የሥጋ ቤቱ ሚስት ከኋላዬ ተነሥታ መጋረጃውን ሳበችው፤ ቀለበቶቹ በሽቦው ላይ ሲሮጡ ሰማሁ።

መንገዱ ላይ ቆምኩ። አንድ የሚያውቀኝ ሰው «ደራሲው! ያቺ የልብስ ሰፊዋ ገጽ ገደለችኝ እኮ!» እያለ በሳቅ አለፈኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስቁሜው የትኛው ቦታ ላይ እንደሳቀ እጠይቀው ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ የሜትሩ ጫፍ ብረት ወለሉን ሲነካ ተሰማኝ። እናቴ እየለካች ነው። ያ የለመድኩት፣ እስከ መንገዱ ማዶ የሚሰማው ጥሪዋ ሲመጣ ጆሮዬን አቆምኩ። አልመጣም። በሹክሹክታ፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ፣ የሆነ ነገር አለቻት። ስንት እንዳለቻት አልሰማሁም።